ክፍል 61፦ ከሱሉልታ ስወጣ፣ እና ያቺ አንዷ መስመር

እሺ። ይቀዳል... አዎ፣ ቀይዋ መብራት በርታለች። ሰላም ናችሁ የኔ ቤተሰቦች፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

ዛሬ ድምፄ ያስተጋባል አይደል? መጋረጃው ወርዷል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ በሩ ጋ ቆሟል፣ ያቺ ሁሌ ውስጧ ገብቼ የምቀዳባት ቁምሳጥን ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ተፈታታ ግድግዳ ተደግፋለች። ስለዚህ የምትሰሙት ባዶ ቤት ነው። ዝናብም አለ፣ ለጊዜው ቀስ ያለ ነው፣ ከበረታ አቆማለሁ፣ ቆርቆሮው እንዴት እንደሚጮህ ታውቁታላችሁ። ዶሮውን ለምትጠይቁኝ፣ ደህና ነው፣ ቅድም ማታ 2 ሰዓት ላይ ጮኋል እንደ ልማዱ። እሱ እዚሁ ነው። የምንሄደው እኛ ነን።

ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አይሱዙው ይመጣል።

ባለፈው ኤፒሶድ ከሱሉልታ ልንወጣ ነው ብዬ ስነግራችሁ የጻፋችሁልኝን ሁሉ አንብቤዋለሁ፣ አንድም አልዘለልኩም፣ እግዜር ይስጥልኝ። አብዛኞቻችሁ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከዛ ጭቃና ብርድ ተገላገልሽ" ነው ያላችሁት። እና ልክ ናችሁ፣ ምክንያቱም ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ጭቃውና ስለ ብርዱ ሳወራችሁ የኖርኩት እኔው ነኝ። አዲሱ ገበያ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆዴ እዚህ ደርሶ ዝናብ ላይ ቆሜ ያለቀስኩበትን ቀን ነግሬያችኋለሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ዱከም ድረስ ከተማውን ከጫፍ ጫፍ አቋርጦ ለስራ የሚሄደውን ሰውዬ፣ ባሌንም ታውቁታላችሁ፣ ልጁ ተኝታ ጥሏት ወጥቶ ተኝታ የሚያገኛት። ስለዚህ መሄዳችን ልክ ነው። ቱሉ ዲምቱ ለሱ ስራ ቅርብ ነው፣ የቤት እጣው የደረሰን እዛ ነው፣ የልጅቷም ትምህርት ቤት በእግር ነው። ይሄን ማንም እንዲያስረዳኝ አልፈልግም፣ ገብቶኛል። 

ግን "ተገላገልሽ" የሚለውን ቃል ባነበብኩት ቁጥር የሆነ ቦታዬን ይነካኛል። ምን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ሰው ስለ እናታችሁ እናንተው የነገራችሁትን ነገር መልሶ ሲነግራችሁ የሚሰማችሁ አይነት ነገር ነው። እኔ ልለው እችላለሁ፣ አንተ ግን...

ተውት። እሱን ልነግራችሁ አይደለም የከፈትኩት። ማክሰኞ ወተት የምትሸጥልኝ አዴ ጋ የሆነ ነገር ነው።

አዴን አዲስ ለሆናችሁ አላስተዋውቅም፣ ወደ ኋላ ሄዳችሁ የእርግዝናዬን ሰሞን ስሙ፣ ሁሉም ቦታ አለች። ማክሰኞ ነሐሴ 20 ነበር። ልጄን ረቡዕ ጠዋት እናቴ ጋ ስለምወስዳት ማክሰኞ የመጨረሻዋ ወተት መሆኗን አውቄያለሁ፣ አዴ ግን አላወቀችም፣ ምክንያቱም አልነገርኳትም። ለእናንተ ነግሬ፣ ለመስሪያ ቤት ነግሬ፣ ለአከራዬ ለጋሼ ወር ሙሉ አስቀድሜ ነግሬ፣ ለሷ አልነገርኳትም። ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ፣ ጣሳውን ሰጥቻት ወተቱን ተቀብዬ እመለሳለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ማክሰኞ ደረሰ።

10 ሰዓት ገደማ ላይ ልጅቷን ቦቲዋን አልብሼ ሄድን። መንገዱ ላይ ታውቃላችሁ፣ በዚህ ሰሞን ሜዳው ላይ ሳሩ ወገብ ደርሷል፣ ውሃው ከስሩ ያንጸባርቃል፣ ጉሙ ከእንጦጦ በኩል ወርዶ ዛፎቹን ግማሽ ድረስ ውጧቸዋል። አደይዋ ገና እንቡጥ ናት። እሷ ናት ደግሞ አንጀቴን የበላችው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር የቀራት፣ ሱሉልታ ሜዳ በመስከረም ቢጫ ሲለብስ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ሰው ከአዲስ አበባ ፎቶ ሊነሳ እየመጣ እኛ የምናየውን አንድ ሰዓት አይቶ ይመለሳል። ዘንድሮ እኔም መጥቼ ፎቶ ተነስቼ የምመለስ ሰው ልሆን ነው ማለት ነው። ከዛ ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር የድርቆሹ አጨዳ፣ ያ ሽታው... እህ። የታጨደ ሳር ፀሐይ ሲመታው የሚሸተውን ሽታ በቃል መናገር አልችልም፣ ሞክሬያለሁ፣ አንድ ኤፒሶድ ሙሉ ሞክሬ አጥፍቼዋለሁ። አይሱዙዎቹ ከቁመታቸው በላይ ድርቆሽ ጭነው እየተወዛወዙ ዳገቱን ሲወጡ ታክሲያችን ከኋላ ይከተላል፣ ጭዱ በመስኮት ይገባል፣ ፀጉሬ ላይ ይዤው ቢሮ እገባለሁ።

አዴ ግቢ ስንደርስ ጭሱ ነው የተቀበለን። ወይራ እያጠነች ነበር፣ የወተት ዕቃውን ደፍታ። ቡሬ ታልባ ጨርሳ ታላምጣለች፣ ያቺ ስም የሌላት የፈረንጅ ላም ደግሞ ጥጃዋን ትልሳለች። "አካም ቡልቴ" አልኳት፣ ከሰዓት በኋላ እንደማይባል ከነገረችኝ ስድስት ዓመት ሆኗል፣ ግን የመጀመሪያ ቀን የተናገርኩት እሱን ስለነበር በመሃላችን እንደዛው ቀረ፣ እሷም ለኔ ሲሆን በማታም "ነጋ" ብላ ትመልስልኛለች።

እና አልኳት። "አዴ፣ ቅዳሜ ልንሄድ ነው" አልኳት። "ወዴት?" አለች። "ቱሉ ዲምቱ፣ ቤት ደርሶን"። "ቅዳሜ?" አለች። "አዎ ቅዳሜ"።

በቃ። ሌላ ምንም አላለችም። "እሰይ" አላለች፣ "ምነው" አላለች፣ "ለምን አልነገርሽኝም" አላለች። ጣሳዬን ተቀበለችኝ። መስፈሪያዋን በሙቅ ውሃ አለቀለቀች፣ ቀዳች፣ አንድ ሊትሯን ገለበጠች። ከዛ ምራቂ። የአዴ ምራቂ ታውቃላችሁ፣ ሁልጊዜ አንድ ጉንጭ ናት፣ ለልጅቷ ነው የምትላት። ማክሰኞ ግን አላቆመችም። ወተቱ እየወጣ፣ አረፋው ከጣሳው አፍ ላይ እየተነሳ፣ እኔ "አዴ ይበቃል፣ አዴ" እያልኩ፣ እስከ አፉ ሞላችው። ክዳኑን ስገጥመው አረፋው በጣቶቼ መሃል ወረደ። ሞቃት ነበር። አሁንም እየነገርኳችሁ ጣቴ ላይ ይሰማኛል።

ከዛ ወደ ግድግዳው ሄደች።

ግድግዳውን ልንገራችሁ፣ ይሄ ከዚህ በፊት ነግሬያችሁ አላውቅም መሰለኝ። አዴ ደብተር የላትም። የወተት ደንበኞቿን በሙሉ በሩ አጠገብ ኖራ የተቀባችው ግድግዳ ላይ ነው የምትይዘው፣ በከሰል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ቦታ አለው። ስም የለም፣ ቦታው ራሱ ስም ነው። የኔ ማጭዱ ከተሰቀለበት ሚስማር በታች ነው፣ ሰባት ዓመት እዛው። በየቀኑ አንድ ሊትር፣ አንድ መስመር። ወሩ ሲያልቅ ትቆጥራለች፣ እከፍላለሁ፣ በእርጥብ እጇ ትጠርገዋለች፣ ጥላሸት የመሰለ ግራጫ ነገር ይቀራል፣ በሱ ላይ አዲስ ወር ይጀመራል። ዋጋ ሲጨምርስ አላችሁኝ? አንድ ጊዜ ወሩ አጋማሽ ላይ መኖ ተወዶ ጨመረች። ከዛን ቀን ጀምሮ መስመሮቹን አጋደመቻቸው። የቆሙት በድሮው ዋጋ፣ የተጋደሙት በአዲሱ። ወር ሲያልቅ የቆሙትን ለብቻ የተጋደሙትን ለብቻ ቆጥራ በቃሏ ደምራ ነገረችኝ፣ እኔ በስልኬ ካልኩሌተር መታሁት፣ ሳንቲም አልሳተችም። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልገዋለሁ።

ማክሰኞ መጀመሪያ የዛሬዋን መስመር አሰመረች። ከሰሉን ከምድጃው ዳር አንስታ፣ ጫን አድርጋ፣ ከሌሎቹ ወፈር ያለች መስመር። ከዛ ቆጠረች። በጣቷ እየነካች፣ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን..." እኔም በውስጤ አብሬ እቆጥራለሁ። 20 ቀን ነው፣ ሁለት ቀን ልጅቷ አያቷ ጋ ስለነበረች አልወሰድኩም፣ 18 መሆን አለበት። እኔ 18 ላይ ደረስኩ። እሷ ዞር አለችና "አስራ ሰባት" አለች።

አስራ ሰባት በ90፣ 1,530። እኔ ስምንት ሁለት መቶ ሰጠኋት። መቀነቷን ፈትታ 70 መለሰችልኝ። እጇን ውሃው ውስጥ ነከረችና ጠረገች፣ ከግራ ጀምራ፣ ቀስ እያለች፣ ልክ ልጅ ፊት እንደምትጠርግ፣ እና መጨረሻዋ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ወፍራሟ መስመር ቀረች። የማክሰኞዋ። 

እጇን በቀሚሷ አደረቀች። በቃ ጨረሰች።

እና እኔ አይቻለሁ። አላየሁም አልልም፣ ግድግዳው ላይ አንዲት ጥቁር መስመር ብቻዋን ቆማለች፣ ዙሪያዋ እርጥብ ነው። አፌ ድረስ መጥቶልኛል፣ "አዴ አንዷ ቀረች" ለማለት። አላልኩም። ለምን እንዳላልኩ ይሄው ሦስት ቀን ሙሉ እያሰብኩ ነው።

ከዛ ልጅቷን አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት፣ እንትፍ እንትፍ አለችባት፣ መረቀቻት። ረጅም ነበር። በኦሮምኛ ነው፣ እኔ የያዝኩት "ጉደዱ" የምትለዋን ብቻ ነው፣ እደጊ ማለት ነው። ሌላውን አልያዝኩትም። ሰባት ዓመት ኖሬ። ገበያ የሚበቃኝን፣ ሰላምታ የሚበቃኝን ይዣለሁ፣ ምርቃት የሚበቃኝን አልያዝኩም። ልጄን መንገድ ላይ "ምን አለችሽ?" አልኳት፣ እሷ ከኔ ትሻላለች፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትውል ትሰማለች፣ አፍ ስትፈታ እንኳ ወተትን "አናን" ብላ ነው የጀመረችው። "ብዙ ነገር" አለችኝ። ብዙ ነገር።

ቤት ገብቼ ወተቱን አፈላሁ፣ ሁለት ድስት ሞላ። ልጅቷ ሁሉንም አልጠጣችውም፣ ግማሹን አረጋሁት፣ እርጎው አሁንም ፍሪጁ ውስጥ ነው፣ ነገ ፍሪጁ ሲጫን ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ለሰውዬው ነገርኩት። "ተሳስታ ነው፣ 90 ብር ነው፣ ለልጇ በቴሌብር ላኪላት" አለኝ። እውነቱን ነው፣ የልጇ ስልክ አለኝ። ከፈትኩት፣ 90 ብዬ ጻፍኩ፣ መላኪያዋ ላይ ጣቴ ቆመ። አልላክሁትም። ምክንያቱም አዴ አትሳሳትም፣ የተጋደሙትን መስመሮች ነገርኳችሁ እኮ።

እናቴ ደግሞ ምን አለችኝ፣ "ዕዳ ይዘሽ አዲስ ቤት አትግቢ፣ መልሰሽ ክፈያት" አለች። እሱም እውነት ነው፣ እኔም እንዲህ ነው ያደግሁት።

እሺ፣ ስጦታ ነው ብለን እናስብ። የመጨረሻዋን ወተት አላስከፍልሽም ማለቷ ነው እንበል። ስጦታ ከሆነ ታዲያ መስመሯን ለምን አልጠረገችውም? ስጦታ ከሆነ ያልቃል፣ ይጠረጋል። ደግሞም ስጦታውን በምራቂው ሰጥታኛለች፣ እስከ አፉ ሞልታ። መስመሯን ያስቀመጠችው አውቃ ነው። ያልተዘጋ ሂሳብ አለሽ ማለቷ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ይመለሳል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ፣ ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ፣ እንዲህ ከሆነ ብሩን ሄጄ ስከፍላት በገዛ እጄ እየጠረግኩት ነው። ገባችሁ? ከከፈልኩ አልቋል፣ ካልከፈልኩ ደግሞ የአንዲት ሴትዮ ወተት ጠጥቼ ሄድኩ።

ወይም ደግሞ ምንም አይደለም። ድክም ብሏት ነው። እጇ ቆመ፣ ላም ጮኸች፣ ረሳችው። እኔ ነኝ ትርጉም የምሰጠው።

አላውቅም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ፍልሰታ ነበር እኮ። ነሐሴ ከ1 እስከ 15 ግድግዳው ላይ የሌሎቹ ቦታ ባዶ ነው የሚሆነው፣ ሰው ሁሉ ይጾማል፣ ልጅ ያለን ብቻ ነን የምንወስደው። በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። ላሟ ጾም አታውቅም፣ መታለብ አለባት፣ ወተቱ ይተርፋል፣ አዴ ትንጣለች፣ ቅቤ ታወጣለች፣ ክንዷን ያማታል፣ ቅቤውም እስከ ፋሲካ ዋጋ የለውም። ወተት የሚሸጥ ሰው ዓመቱን እንዲህ ነው የሚቆጥረው። እና በነዚህ ጊዜያት ግድግዳው ላይ ቀጥ ብላ የምትሄደው ከማጭዱ በታች ያለችው የኔ መስመር ናት። አንድ ቀን እያሳየችኝ "ያንቺ ልጅ ጾም አስፈታችኝ" ብላኛለች፣ ስቃ። አሁን በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም ያ ቦታ ባዶ ይሆናል ማለት ነው። ይሄን ማክሰኞ አላሰብኩትም። አሁን እያወራሁ ነው የመጣልኝ።

ቆይ ውሃ ልጠጣ።

...

ምን እያልኩ ነበር። እ፣ ልጅቷ መሄዳችንን እንዴት እንደተረዳችው ልንገራችሁ። ቤታችን ፊት ለፊት ያለው ቦይ ላይ የወረቀት ጀልባ እየሰራች ስትለቅ ክረምቱን ሙሉ ነው የከረመችው። አባቷ የሆነ ቀን ነገራት፣ የሱሉልታ ውሃ ወደ ሙገር ይሄዳል፣ ሙገር አባይ ውስጥ ይገባል፣ አባይ ግድቡ ጋ ይደርሳል ብሎ። ከዛን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ "ጀልባዬ ግድቡ ጋ ደረሰች?" ነው። ታዲያ "ቱሉ ዲምቱስ?" አለችው። እውነቱን ነገራት። እንጦጦ ጋራው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል፣ በዚህ በኩል የወደቀው ወደ አባይ፣ በአዲስ አበባ በኩል የወደቀው ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባህር አይገባም፣ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። "ያልቃል?" አለች። "አዎ ያልቃል"። ዝም አለች። ከዛ "እዛ ጀልባ አልሰራም" አለች።

ስንት ጊዜ በዛ ዳገት አልፌያለሁ፣ ድል በር አልፎ ታክሲው እያቃሰተ ወጥቶ ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ ማርሽ ቀይሮ ወደዚህ ሲያዘነብል፣ ጆሮዬ ጓ ሲል፣ ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው፣ ያ ቦታ ውሃ የሚለያይበት መሆኑን ሳላውቅ ነው የኖርኩት። ከዳገቱ ወዲያ ያለው ሰው ብርዱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ምኒልክና ጣይቱም ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃው ወርደው ነው አዲስ አበባ በ1879 የተቆረቆረችው፣ ስለዚህ ከጋራው ወደ ሙቀቱ መውረድ ያለ ነገር ነው፣ እኔ አልጀመርኩትም። እነሱስ እዛ ላይ የቀረ ዕዳ ነበራቸው ይሆን ብዬ አሰብኩ ቅድም ዕቃ ስጠቀልል።

ብርዱን ፈልገው የሚመጡም አሉ እኮ። ሯጮቹ። ወደ 2,700 ሜትር ነው እዚህ፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሰውነት ኦክስጅን ሲያንሰው ቀይ የደም ሴል ያበዛል፣ ለዛ ነው ቀነኒሳም ትራኩን እዚህ ያሰራው፣ ለዛ ነው ከውጭ ሀገር ሁሉ እየመጡ የሚከርሙት። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ታክሲ ስጠብቅ መጀመሪያ እግራቸው ነው የሚሰማው፣ ጉሙ ውስጥ አይታዩም፣ ጠፍ ጠፍ ጠፍ የሚል ብቻ፣ ከዛ ትንፋሻቸው፣ ከዛ ራሳቸው። አንዲት ልጅ ነበረች፣ ነጭ ጓንት የምታደርግ፣ የግራው አውራ ጣት የተቀደደ። ሁለት ዓመት ያህል በየጠዋቱ ሳልፋት ወይ ስታልፈኝ እጇን ታነሳልኛለች። አንድ ቀን መጣች፣ በነጋታው የለችም፣ ከዛ በኋላ የለችም። እስካሁን ቴሌቪዥን ላይ ውድድር ባለ ቁጥር የሴቶቹን ፊት አያለሁ። ስሟን ስለማላውቅ መፈለግ አልችልም።

...የአዴንም ስም አላውቀውም።

አሁን ነው የገባኝ። ማለቴ አውቅ ነበር፣ እንደማላውቀው። "አዴ" እኮ ስም አይደለም፣ እትዬ፣ እማማ እንደማለት ነው። ስልኬ ላይ ያለው "የአዴ ልጅ" ነው። የላሟን የቡሬን ስም አውቃለሁ፣ የውሻውን ስም አውቃለሁ። ሰባት ዓመት አዴ ብዬ ጠርቻት ወይ ብላኝ፣ በቃ። እሷም የኔን የምታውቀው አይመስለኝም። ለሷ "የልጅቷ እናት" ነኝ። ማጭዱ ስር ያለሁት።

ይሄ ደግሞ ለምን እንዲህ እንዳስከፋኝ... ይቅርታ።

እሺ። ሌላም ነገር አለ፣ ያልነገርኳችሁ። ሰዓት እየሄደብኝ ነው የምለው ለሱ ነው። አዴ ያንን ግድግዳ በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ ኖራ ትቀባዋለች። ለእንቁጣጣሽ። ከሁለት ዓመት በፊት እኔም አብሬያት ቀብቻለሁ፣ ያ ሰማያዊ ሹራቤ ክንዱ ላይ ያለው ነጭ ነገር እሱ ነው፣ አለቀቀም። የዓመቱ ጥላሸት ሁሉ ይሸፈናል፣ የሰው ሁሉ ሂሳብ ከነጭ ይጀምራል። ስለዚህ ጳጉሜ ሊገባ ሳምንት ነው የቀረው። ከዛ በኋላ መስመሯ የለችም። ወይ ትቀባባታለች፣ ወይ ዙሪያዋን ቀብታ እሷን ትተዋታለች። ዙሪያዋን ቀብታ ብትተዋት፣ ያኔ መልሱን አገኘሁ ማለት ነው። ግን እኔ አልኖርም አያለሁ ብል። አንዳንዴ ደግሞ አስባለሁ፣ ለዛ ይሆናል የተወችው፣ ሳምንት ቆይቶ ኖራ ለሚበላው መስመር እጄን ምን አደከመኝ ብላ። እንዲህ ሳስበው ትንሽ ቀለል ይለኛል፣ ከዛ ደግሞ ቅር ይለኛል፣ ቀለል እንዲለኝ አልፈልግም መሰለኝ።

በነገራችን ላይ አዲሱን አድራሻሽን ላኪልን ብላችሁ ስጦታ ልትልኩ ያሰባችሁ ልጆች፣ ቆዩ፣ የምልክላችሁ እኔ ነኝ ስረጋጋ። ሱሉልታም እኮ አድራሻዋ ተቀይሯል፣ ከ2015 ጀምሮ ሸገር ሲቲ ነን፣ እነ ቡራዩ፣ እነ ሰበታ፣ እነ ገላን አንድ ላይ። ወረቀት ላይ ትንሽ ከተማ አይደለንም አሁን። መንገዱ እየሰፋ ነው፣ ድርቆሽ የሚታጨድበት ሜዳ ላይ አጥር እየበዛ ነው፣ የአዴ ልጅም ላሞቹን እስከመቼ ይላል። ስለዚህ ብመለስ እንኳ፣ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ብመጣ፣ ግድግዳው ራሱ ይኖራል ወይ? ይሄንንም ማክሰኞ ማታ ነው ያሰብኩት፣ ተኝቼ። 

ብቻ። ልምጣና ልክፈላት፣ ወይስ ልተዋት።

አንዷ ሐሳቤ እንዲህ ነች፣ ነገ አይሱዙው ሲጫን፣ ሰውዬው ሲያስጭን፣ እኔ ጣሳዋን ይዤ ልሮጥ። ልክፈል ብዬ አይደለም። ወተት ልግዛ። አንድ ሊትር። መስመር ታስምርልኝ፣ ሁለት ይሁኑ። ከዛ ሁለት ዕዳ ይዤ ልሂድ። እናቴ ብትሰማኝ ምን ትላለች። ግን እንዲህ ሳስበው ደስ ይለኛል፣ ግድግዳው ላይ ሁለት መስመር። ደግሞ ስሟን ልጠይቃት እችላለሁ። ሰባት ዓመት ቆይቶ ስም መጠየቅ ያሳፍራል ወይ? ያሳፍራል። እሷ ምን ትለኛለች ግን፣ "ምን ያደርግልሻል?" ትለኛለች መሰለኝ።

ወይ ዝም ብዬ ልሂድ። ዝም ብሎ መሄድም አለ።

90 ብሩን አጣጥፌ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ ለማንኛውም። አዲስ ብር ነው፣ ከመስሪያ ቤት ልጅ ነው የቀየርኩት፣ የተቀዳደደ ልሰጣት አልፈለግኩም። ጃኬቱ በሩ ላይ ነው፣ ጣሳዋ ደግሞ ከሱ ስር፣ አጥቤያታለሁ። ቅድም ክዳኗን ከፍቼ ሸተትኳት፣ ወይራው አለ አሁንም፣ በሳሙና አይለቅም እሱ፣ እና ቱሉ ዲምቱ ስወስዳት እዛ የፓኬት ወተት ገልብጬባት...

በረታ አይደል? ትሰሙኛላችሁ? ቆይ፣ በረዶ ነው መሰለኝ፣ ቆይ ልጠጋ። እንዲህ ከዘነበ እኮ የአዴ መንገድ ጠዋት አያሳልፍም፣ ቦዩ ይሞላና... ቦቲዬን የቱ ካርቶን ውስጥ ነው የከተትኩት? አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ልየው—